ከሰውየው ራስ ጋር በመስመር የተያያዘው ሥዕል ምንድን ነው? የሰው ስም በናዋትል መዛግብት

ጥያቄ፦ «ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የሜክሲኮ የእጅ ጽሑፍ የተወሰደ የአንድ ገጽ ምስል አለኝ። በጎን በኩል የሚታዩ ትንንሽ የወንድ ራሶች ተደርድረውበታል። ከእያንዳንዱ ራስ ጋር በቀጭን መስመር የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ ጋሻና ዱላ፣ ወፍ፣ ማሰሮ፣ እጅ፣ አበባ። አጠገቡ በላቲን ፊደል ‹ሁዋን ያኦትል› የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይታያል። ሥዕሎቹ ጌጥ ናቸው ወይስ ጽሕፈት? ጽሕፈት ከሆኑ የላቲኑ ጽሑፍ ባይኖር ማንበብ ይቻል ነበር? ስፔኖች አገሩን ከያዙ በኋላስ ሰዎቹ ለምን በዚህ መንገድ መጻፋቸውን ቀጠሉ?»

ምላሽ፦

ጽሕፈት ናቸው። ጋሻና ዱላው የሰውየው የጦር መሣሪያ አይደለም፤ ወፏም የግቢው ወፍ አይደለችም። የተሣለው ስሙ ነው። ቀጭኑ መስመር ደግሞ ስሙን ከባለቤቱ ጋር ያገናኛል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ገጽ «የሥዕል ጽሑፍ» ብሎ ያልፈዋል፤ አባባሉ ግን ነገሩን ያሳንሰዋል። የንስር ሥዕል በየትኛውም አገር ሰው ዓይን ንስር ነው። ስም ግን የሚጠራው በአንድ ቋንቋ ድምፅ ነው። በእነዚህ መዛግብት ውስጥ ማሰሮ የሚሣልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ማሰሮ በናዋትል፣ ማለትም በአዝቴኮችና በሌሎች የናዋ ሕዝቦች ቋንቋ፣ «ኮሚትል» ስለሚባልና ጸሐፊው «ኮ» የሚለውን ድምፅ ስለፈለገ ነው። ናዋትል የማያውቅ ተመልካች ማሰሮውን ያያል፤ ስሙን ግን ሊያነብ አይችልም። የናዋዎች ጽሕፈት ከአንድ ቋንቋ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ከሰው ስም የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ስለዚህ ጥያቄዎን በደስታ ነው የምመልሰው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገጹ ከየት እንደተወሰደ አልጻፉልኝም። ገለጻዎ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚስማማው በ1560 ከተዘጋጀው የዌሾትሲንኮ ማትሪኩላ ጋር ነው። ዌሾትሲንኮ ዛሬ ዌሆትሲንጎ ተብላ የምትጠራ፣ በሜክሲኮ የፑዌብላ ክፍለ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። መዝገቡ አሁን የሚገኘው ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። የከተማዋና የአካባቢዋ ግብር ከፋዮች በየሰፈራቸው ተጽፈውበታል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ራሶች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች። የጥንት ጽሕፈት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ስም ነው። እዚህ ግን ገበሬው፣ አናጢው፣ ድንጋይ ጠራቢውና የላባ ሥራ ባለሙያው እያንዳንዱ በገዛ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በ1531 የተዘጋጀ «የዌሾትሲንኮ ኮዴክስ» የሚባል ሌላ ሰነድ አለ፤ ኮዴክስ ማለት የጥንት የእጅ ጽሑፍ ነው። ስምንት ገጾች ብቻ ያሉት ሲሆን የሚገኘውም ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። እሱ ስለ ግብር ዕቃዎች በፍርድ ቤት የቀረበ ማስረጃ ነው፤ የሰዎች ስም ዝርዝር አይደለም። የሁለቱ ስም ስለሚመሳሰል ሥዕላቸው ተቀያይሮ ሲወጣ ይታያል።

ሦስተኛውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፤ የጽሕፈቱን ዓላማ ካወቁ የቀረው ይቀልልዎታል። የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በነሐሴ 1521 ስትወድቅ ጽሕፈቱ አብሯት አልወደቀም። የስፔን ፍርድ ቤቶችና የግብር ሹሞች በናዋ ጸሐፊዎች የተዘጋጁ መዛግብትን በማስረጃነት ይቀበሉ ነበር። ግብሩ የሚተመነው በሰው ቁጥር ነበርና እያንዳንዱ ራስ ገንዘብና እህል ማለት ነበር። ከ1545 እስከ 1548 የዘለቀው አስከፊ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከጨረሰ በኋላ በአሮጌ ቆጠራ መክፈል የሞተውን ሰው ዕዳ በሕይወት ላለው መጫን ሆነ። ማትሪኩላው በተዘጋጀበት በ1560 በሐምሌ ወር የዌሾትሲንኮ ምክር ቤት ለስፔኑ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊጶስ በናዋትል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የተጣለባቸው 14,800 ፔሶና የዚያኑ ያህል ፋኔጋ በቆሎ እንደሆነ፣ ይህም ከአቅማቸው በላይ እንደሆነ አመለከቱ። ፋኔጋ የስፔን የእህል መስፈሪያ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን የት ሰፈር እንደሚኖር በማያሻማ መንገድ መጻፍ የግድ ይላል። ያንን ሲያደርግ የኖረው ደግሞ ትላኲሎ ነበር፤ ሥዕልንም ጽሕፈትንም አንድ አድርጎ የተማረው የናዋ ባለሙያ።

አሁን ወደ አሠራሩ። በራሳችን ስም ላሳይ። «እጅጉ» የሚለውን ስም በሥዕል እንጻፍ ብንል የሰው እጅ ልንሥል እንችላለን። ስሙ ከእጅ ጋር የትርጉም ዝምድና የለውም፤ እጁ የሚያስፈልገን ለድምፁ ብቻ ነው። ትላኲሎውም አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ለትርጉሙ፣ አንዳንድ ጊዜ ለድምፁ ይሥላል፤ በአንድ ስም ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅም ልማዱ ነው። ይህን የሚያመቻችለት የቋንቋው ጠባይ ነው። የናዋትል ስሞች ብቻቸውን ሲቆሙ «ትል»፣ «ትሊ»፣ «ሊ» ወይም «ን» የሚል መጨረሻ ይይዛሉ። ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመሩ ግን ይህ መጨረሻ ይወድቃል። ውሃ «አትል» ነው፤ በጥምር ቃል ውስጥ «አ» ብቻ ይቀራል። ድንጋይ «ቴትል» ነው፤ «ቴ» ይሆናል። ሰንደቅ «ፓንትሊ» ነው፤ «ፓን» ይሆናል። እጅ «ማይትል» ነው፤ «ማ» ይሆናል። መጨረሻቸውን የጣሉት ቃላት አጫጭር የድምፅ ምልክቶች ሆነው ያገለግላሉ ማለት ነው። በፊደል «ኮ»ን ለማንበብ የለመደ የእኛ አንባቢ ማሰሮውን «ኮ» ብሎ ማንበብ አይከብደውም።

ከሁሉ የሚያምረው ምሳሌ የኢትስኮአትል ስም ነው። እስከ 1440 ቴኖችቲትላንን የገዛው ንጉሥ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ትርጉሙ «የባልጩት እባብ» ነው። በ1541 አካባቢ በተዘጋጀውና ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው የሜንዶሳ ኮዴክስ ውስጥ ስሙ የተጻፈው ከጀርባው የባልጩት ስለቶች በወጡ እባብ ነው። ባልጩት «ኢትስትሊ»፣ እባብ «ኮአትል»፤ ሁለቱም ለትርጉማቸው ተሥለዋል። የቤተሰብና የእርሻ መዝገብ በሆነው በቬርጋራ ኮዴክስ ግን ያው ስም በሌላ መንገድ ተጽፏል። እባብ የሚባል ነገር የለበትም። ያለው የባልጩት ስለት፣ ማሰሮና ውሃ ነው፤ «ኢትስ»፣ «ኮ»፣ «አ»። ድምፁ ሲገጣጠም ኢትስኮአትል ይወጣል። ፈረንሳዊው ሰብሳቢና ተመራማሪ ጆሴፍ ኦበን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጽሕፈቱን ድምፃዊ አሠራር ለማስረዳት የተጠቀመው ይህንኑ ማስረጃ ነው። ዛሬም ቢሆን «ሥዕል ብቻ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ማሰሮና ውሃ ተደባልቀው እባብ የሚሆኑት በሥዕል ሳይሆን በቋንቋ ውስጥ ብቻ ነው።

ሌሎቹ የነገሥታት ስሞችም ዓይንን ያሠለጥናሉ። አካማፒችትሊ ሸምበቆ ጨብጦ የያዘ እጅ ነው። ቺማልፖፖካ የሚጨስ ጋሻ ነው። አሻያካትል ፊትና ውሃ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ኳውቴሞክ ራሱን ወደ ታች ያደረገ ንስር ነው፤ ስሙም «ንስር ሆኖ የወረደ» ማለት ነውና። የሞክቴሱማ ስም ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ስሙ «እንደ ጌታ የሚቆጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሜንዶሳ ኮዴክስ የተሣለው ግን የጌትነት ዘውዱ ነው። «ጌታ» የሚለው ቃል ተጻፈ፤ ቁጣው ለአንባቢው ተተወ። አንባቢው ንጉሡን ያውቀዋልና አልተቸገረም። ከዚህ የምንረዳው ጸሐፊው ሁልጊዜ ስሙን ሙሉ በሙሉ የመጻፍ ግዴታ እንዳልነበረበት ነው። በቂ የመሰለውን ያህል ይጽፋል።

የሚያሻማ ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። ንስር «ኳውትሊ»፣ ዛፍ «ኳዊትል» ነው፤ በጥምር ቃል ውስጥ ግን ሁለቱም «ኳው» ይሆናሉ። ስለዚህ ዛፍ የሚያዩበት ስም ስለ ንስር ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ተቃራኒም እንደዚያው። በቦታ ስሞች ላይ የሚታየው ዘዴ ለሰው ስምም ይሠራል። ኳውቲትላን ለሚባለው ከተማ ጸሐፊው ግንዱ ላይ ጥርስ ያለው ዛፍ ይሥላል፤ ጥርስ «ትላንትሊ» ስለሆነ «ትላን» የሚለውን የቦታ መድረሻ ይሰጠዋል። ኳውናዋክ ደግሞ ከአፉ የንግግር ምልክት የሚወጣ ዛፍ ነው፤ የጠራ ንግግር «ናዋትል» ይባላልና። ስፔኖች ይህን ስም በጆሯቸው «ኩዌርናቫካ» ብለው ሰሙት፤ በቋንቋቸው «የላም ቀንድ» የሚመስል ስም ሆኖ እስከ ዛሬ ቀረ።

ስሞቹ ራሳቸው ከየት ይመጣሉ? የሜንዶሳ ኮዴክስ የስም አወጣጡን ሥርዓት በሥዕል አስቀምጦልናል። ልጅ በተወለደ በአራተኛው ቀን አዋላጇ ወስዳ ታጥበዋለች። ወንድ ከሆነ ትንሽ ጋሻና ቀስት፣ ሴት ከሆነች መፍተያና መጥረጊያ በአጠገቧ ይቀመጣል። ሦስት ትንንሽ ልጆች የተጠበሰ በቆሎ ከባቄላ ጋር እየበሉ ይጠብቃሉ፤ አዋላጇ የሰየመችውን ስም ጮክ ብለው እንዲጠሩ ይታዘዛሉ። ብዙዎቹ ስሞች ከ260 ቀናቱ የአምልኮ አቆጣጠር የሚወሰዱ ናቸው። ሃያ የቀን ምልክቶች ከአንድ እስከ 13 ካሉ ቁጥሮች ጋር እየተጣመሩ ይዞራሉ፤ እባብ፣ አጋዘን፣ ጥንቸል፣ ውሻ፣ ዝንጀሮ፣ ንስር፣ ዝናብ፣ አበባ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በማትሪኩላው ውስጥ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ቀርቶ ምልክቱ ብቻ ይጻፋል። በገጽዎ ላይ ያለው አበባ «ሾቺትል» የሚለው የቀን ስም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጋሻና ዱላው ደግሞ በጣም ከተለመዱት የወንድ ስሞች አንዱ ነው፤ «ያኦትል»፣ ጠላት ወይም ጦር። የላቲኑ ጽሑፍም ይህንኑ ያረጋግጥልዎታል። ያኦትል ከናዋ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው የቴስካትሊፖካ የማዕረግ ስም ጭምር ነበር። ሰውየው ተጠምቆ ሁዋን ከተባለ በኋላም ይህ ስም አብሮት ቀጥሏል፤ ፍራንሲስካውያኑ አጥማቂዎች የስሙን ሥር ምን ያህል እንዳወቁት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ሴቶቹን ሲፈልጉ ግን ያዝናሉ። ማትሪኩላው በዋናነት የሚቆጥረው ግብር የተጣለባቸውን የቤት አባወራዎች ስለሆነ ሴቶች እምብዛም በስም ምልክት አይታዩም። በ1530ዎቹ መጨረሻና በ1540ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ሞሬሎስ በሚባለው ክፍለ ግዛት በናዋትል ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል የተጻፉ ቆጠራዎች ግን ብዙ የሴት ስም ይዘዋል። አብዛኛው የትውልድ ተራ ስም ነው። ቴያካፓን የመጀመሪያዋ፣ ትላኮ መካከለኛዋ፣ ሾኮ የመጨረሻዋ ልጅ ናት። በአንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ቴያካፓኖች ይገኛሉ። ወንድሟ በንስር ወይም በጦር ሲጠራ እሷ በቤቱ ውስጥ በመጣችበት ተራ ትጠራለች። ይህ ልዩነት በግሌ ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ከተራ ስሙ ሌላ በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚጠሯት የቁልምጫ ስም እንደነበራት እገምታለሁ፤ ግብር ሰብሳቢው ግን አልጠየቀም።

ስለ ላቲኑ ጽሑፍ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላቲኑን ጽሑፍ «መፍቻ»፣ ሥዕሉን «የሚፈታው ነገር» አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ምስክሮች ናቸው። አሥራ ሁለቱ ፍራንሲስካውያን በ1524 ሜክሲኮ ገቡ፤ በ1536 በትላቴሎልኮ የሳንታ ክሩስ ኮሌጅ ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ናዋትልን በላቲን ፊደል አቀላጥፈው የሚጽፉ ናዋ ጸሐፊዎች ተነሡ። ፊደሉ ግን ጉድለት ነበረበት። በናዋትል የአናባቢ ርዝመትና በጉሮሮ የሚቆረጥ ድምፅ ትርጉም ይለውጣሉ፤ የተለመደው የላቲን አጻጻፍ ሁለቱንም አያሳይም። ኢየሱሳዊው ኦራሲዮ ካሮቺ እነዚህን ልዩነቶች በጥንቃቄ ምልክት አድርጎ ያሳተመው በ1645 ነው። «ያኦትል» አንዳንድ ጊዜ «ያውትል» ተብሎ የሚጻፈውም «ኦ» እና «ኡ» በዚያ አጻጻፍ ስለሚለዋወጡ ነው። ስለዚህ ሁለት አጻጻፍ ሲያዩ ሁለት ሰው ነው ብለው አይቸኩሉ።

ከዚህም በላይ ሁለቱ ጽሕፈቶች አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። በአብዛኛው የክርስትና ስሙን የሚይዘው ላቲኑ ብቻ ነው፤ ሁዋን፣ ፔድሮ፣ ፍራንሲስኮ። ሥዕሉ የሚጽፈው የናዋትል ስሙን ነው። በእኛም ዘንድ ሰው በክርስትና ስሙና በመጠሪያ ስሙ ሁለት ሆኖ ስለሚኖር ይህ አሠራር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ በማትሪኩላው ውስጥ ሁለቱ ስሞች የተጻፉት በሁለት የጽሕፈት ሥርዓት መሆኑ ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ሁዋኖች ይኖራሉ። አንዱን ሁዋን ከሌላው የሚለየው ከራሱ ጋር የተያያዘው ሥዕል ነው። ስለዚህ ለቆጣሪው ዋናው መለያ የናዋትሉ ስም ሆነ፤ ሥዕሉ እስከ 1560 በሥራ ላይ የቆየውም ለዚህ ይመስለኛል።

የስፔን ስሞችን በናዋ ምልክት መጻፍ ሲያስፈልግ ግን ጸሐፊዎቹ አላፈገፈጉም። ከ1535 እስከ 1550 የገዛው የመጀመሪያው የንጉሥ እንደራሴ አንቶንዮ ዴ ሜንዶሳ ስሙ የአጋቬ ተክልና ፍልፈል መሰል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ተሥሎ ተጽፏል። ተክሉ «ሜትል»፣ እንስሳው «ቶሳን» ነው፤ «ሜ» እና «ቶሳ» ተጣምረው ወደ ሜንዶሳ ቀረቡ። ጸሎትም እንዲሁ ተጽፎ ነበር። «አባታችን ሆይ» በላቲን ሲጀመር «ፓተር ኖስተር» ይላል፤ መነኮሳቱ እንደሚመሰክሩት ምእመናኑ ለ«ፓተር» ሰንደቅ፣ ማለትም «ፓንትሊ»፣ ለ«ኖስተር» ደግሞ የበለስ ፍሬ፣ ማለትም «ኖችትሊ» እየሣሉ ጸሎቱን በቃላቸው ያጠኑ ነበር። ይህ በትግራይ ገበሬ ደጃፍ የሚበቅለው፣ በክረምት የምንበላው በለስ ነው፤ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ለአንዳንድ ስፔኖች ደግሞ ናዋዎቹ የራሳቸውን ስም አወጡላቸው። ፔድሮ ዴ አልቫራዶ «ቶናቲው»፣ ፀሐይ ተባለ፤ በ1541 መሞቱ በቴሌሪያኖ ሬሜንሲስ ኮዴክስ ሲመዘገብ አጠገቡ ፀሐይ ተሥሏል። ድምፁን መጻፍ ቀርቶ ሰውየው ራሱ የናዋትል ስም ተቀበለ ማለት ነው።

ባለሙያዎች በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ድምፅ አላቸው ብዬ ላሳስትዎ አልፈልግም። ለረጅም ጊዜ የነበረው አስተያየት ጽሕፈቱ በመሠረቱ ሥዕል እንደነበረና ድምፃዊ አጻጻፉ የተስፋፋው በስፔን ፊደል ተጽዕኖ እንደሆነ የሚያምን ነበር። ስፔናዊው አልፎንሶ ላካዴና በ2008 ይህን ተቃወመ። ቴስኮኮ በሚባለው ግዛት የሠለጠኑ ጸሐፊዎች ድምፃዊ ምልክቶችን አዘውትረው እንደሚጠቀሙ፣ ልዩነቱ የትምህርት ቤት ልማድ እንጂ የስፔን ተጽዕኖ እንዳልሆነ ተከራከረ፤ የቃላት ክፍሎችን የሚወክሉ ምልክቶች ሰንጠረዥም አቀረበ። ጎርደን ዊታከር ደግሞ ጽሕፈቱ እውነተኛ ጽሕፈት መሆኑን አጥብቆ ቢቀበልም ሰንጠረዡ እንደ ማያ ጽሕፈት የተስተካከለ አይደለም ይላል። እኔ በዋናው ነጥብ ከላካዴና ጋር ነኝ፤ የቬርጋራው «ኢትስኮአ» በአንድ ትውልድ ውስጥ ከስፔኖች የተኮረጀ ዘዴ አይመስለኝም፤ እጅግ የበሰለ ነው። የድምፅ ምልክቶቹ ሁሉ እንደ «ኮ» ወይም «አ» ያለ አጭር ክፍለ ቃል ብቻ ይወክላሉ የሚለው ላይ ግን ዊታከር ሚዛን ይደፋል፤ «ኢትስ» እና «ኳው» ያለው ጽሕፈት እንደዚያ ተስተካክሎ አይሰለፍም።

ክርክሩን የሚያበለጽገው የቬርጋራ ኮዴክስና መንትያው የሳንታ ማሪያ አሱንሲዮን ኮዴክስ ነው። ሁለቱም የተዘጋጁት በቴስኮኮ አጠገብ በምትገኘው ቴፔትላኦስቶክ ነው። ቬርጋራ በኦበንና በጉፒል ስብስብ በኩል ፓሪስ ገባ፤ አሱንሲዮን ሜክሲኮ ቀረ። የሁለቱም አደረጃጀት ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ የቤተሰቡ ሰዎች፣ ቀጥሎ የእርሻው ዙሪያ ልኬት፣ በመጨረሻም ስፋቱ። የአንድ ባለ እርሻ ራስና የስም ምልክት በሦስቱም ክፍል ይመለሳል። አንድን ስም በአንድ ሰነድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ማግኘት ለአንባቢ ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዱ ቦታ የደበዘዘው ሌላው ቦታ ይጠራል፤ አንዱ ቦታ የተዘለለ ምልክትም ሌላው ቦታ ላይ ይገኛል።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ፣ ያለ ላቲኑ ጽሑፍ ብዙውን ማንበብ ይቻላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ገጽዎን ሲይዙ የላቲኑን ጽሑፍ በወረቀት ይሸፍኑ። መስመሩን ከራሱ ተነሥተው ይከተሉ። ከመስመሩ ጋር ያልተያያዘ ነገር ስም ላይሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ብቻውን የቆመ ሰንደቅ 20 ቁጥር ነው፤ 400 እና 8,000 የሚወክሉ ምልክቶችም አሉ። የተሣለውን ነገር በናዋትል ይሰይሙት፤ መጨረሻውን ይጣሉ፤ የቀሩትን ድምፆች ያገጣጥሙ። ምልክቶቹ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ አይሰለፉም፤ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል የሚያገኙት ቋንቋውን በማወቅ ነው። ወፏን በደንብ ይመልከቱ። የላባዎቿ ጫፍ ጥቁር ከሆነ ንስር ናት፤ ነጠብጣብ ያላት ከሆነች ድርጭት መሰል ወፍ «ሶሊን» ልትሆን ትችላለች፤ ልዩ ምልክት ከሌላት በደፈናው «ቶቶትል»፣ ወፍ ናት። እጁ ባዶውን የተዘረጋ ነው ወይስ የጨበጠው ነገር አለ? ማሰሮው ብቻውን ነው ወይስ ውሃ አለበት? እነዚህ ትንንሽ ልዩነቶች ስምን ይለውጣሉ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያንሡና ካነበቡት ጋር ያስተያዩ። ባይገጥሙ ወዲያውኑ ራስዎን አይጠራጠሩ፤ ላቲኑን የጻፈው እጅ ብዙ ጊዜ ከሠዓሊው የተለየ ነው፤ እሱም ሊሳሳት ይችላል። ማትሪኩላው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የናዋ ምልክቶች ሥዕላዊ መዝገበ ቃላትም ለማስተያየት እጅግ ይጠቅማል።

የስም ምልክቱ ሥራ የቆመው ስሙ ራሱ በመለወጡ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የናዋትሉ ሁለተኛ ስም እየቀረ ሌላ የቅዱስ ስም ተተካ፤ ሁዋን ያኦትል የነበረው ሰው የልጅ ልጁ ሁዋን ዲዬጎ ሆነ። መኳንንቱና የተማሩት ግን የአባቶቻቸውን ስም እያነሡ ጠብቀው ያዙት፤ በ1579 የተወለደው ታሪክ ጸሐፊ ዶሚንጎ ቺማልፓይን ራሱን በሁለት የናዋትል ስም አስጠርቷል። በፑዌብላና በትላስካላ ደግሞ ብዙ የናዋትል ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተርፏል። ዛሬ ቾሉላ አካባቢ ኳውትሌ ወይም ኮዮትል የሚባሉ ቤተሰቦች ያሉት ለዚህ ነው። ማትሪኩላው በየሰፈሩ የተከፋፈለ ስለሆነ የአያቶቹ ሰፈር በዌሾትሲንኮ ዙሪያ የሆነ ሰው ክፍሉን ከፍቶ የቤተሰቡን ስም የያዘ ንስር ወይም ኮዮቴ ሊፈልግ ይችላል። የገጹን ቁጥርና የሰፈሩን ስም ከላይኛው ዳር አንብበው ቢልኩልኝ የቀሩትን ስሞች አብረን እናነባቸዋለን።